ጸሎቴ ከሳምንት አያልፍም፤ ከየት ልጀምር?

የቀረበልን ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ልደታ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ትልቁ ስምንት፣ ትንሿ አራት ዓመቷ ነው። ሥራቸው ካዛንቺስ ሲሆን ጠዋት 1 ሰዓት ወጥተው ማታ 1 ሰዓት ተኩል ይገባሉ። «ጸሎት እጀምራለሁ፣ ከሳምንት አያልፍም። የረቡዕና የዓርብ ጾሜ ቢሮ ላይ ይበላሻል። እሑድ ልጆቹን አለባብሼ ስደርስ ቅዳሴው ሊያልቅ ነው። ባለቤቴም እምብዛም ግድ የለውም። ክርስትናዬ የበዓል ቀን ብቻ ሆነብኝ» ይላሉ።

እኅታችን፣ ትርፍ ጊዜ እየጠበቁ ከሆነ ዘንድሮም አያገኙት፤ የከተማው መንገድ ራሱ ይበላዋል። ደግነቱ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ሰዓት ምረጡ ብላ አልተወችንም፣ ቆጥራ ሰጥታናለች። ነግህ (ማለዳ)፣ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠርክ (ምሽት)፣ ንዋም (የመኝታ ሰዓት) እና መንፈቀ ሌሊት፦ ሰባት ናቸው። መሠረቱ «በቀን ሰባት ጊዜ አመሰግንሃለሁ» ያለው የዳዊት ቃል ነው (መዝ. 118፥164)። እዚህ ላይ የእኛ ሰው የማያስተውለው አንድ ዕድል አለ። ሰዓት የምንቆጥረው መጽሐፍ ቅዱስ እንደሚቆጥረው ነው። መንፈስ ቅዱስ ለሐዋርያት የወረደው «ከቀኑ ሦስተኛ ሰዓት» ላይ ነው ሲል (ሐዋ. 2፥15) ቢሮ ገብተው አንድ ሰዓት ያህል እንደሠሩ ያለው ሦስት ሰዓት ማለት ነው። ጌታ የተሰቀለበት ስድስት ሰዓት የምሳ ሰዓትዎ ነው፤ ነፍሱን በፈቃዱ የሰጠበት ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ድካም የሚጀምርበት። ሌላው ዓለም ይህን ለማወቅ መደመርና መቀነስ አለበት፤ እኛ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት ማየት ብቻ ይበቃናል።

ሰባቱንም በሙሉ ሥርዓት ማድረስ የገዳም ኑሮ ይፈልጋል። ለእርስዎ ሁለት ምሰሶና ሁለት ችንካር ይበቃል። ምሰሶዎቹ ነግህና ንዋም ናቸው፤ ቆመው፣ መጽሐፍ ይዘው የሚያደርሱት። ችንካሮቹ ስድስትና ዘጠኝ ሰዓት ናቸው፤ ባሉበት፣ በልብ፣ ከአንድ ደቂቃ ለማይበልጥ ጊዜ።

የጠዋቱን በዝርዝር ልየው፤ የሚፈርሰውም የሚጸናውም እዚያ ነው። ስልክዎን ማታ ሳሎን ቻርጅ ላይ ይተዉትና 11፡20 ላይ እንዲጮኽ ያድርጉት። አልጋ አጠገብ ያለ ስልክ ተዳብሶ ይጠፋል፤ ሳሎን ያለውን ለማጥፋት ግን መነሣት ግድ ነው፣ አለበለዚያ ልጆቹን ይቀሰቅስብዎታል። ካጠፉት በኋላ ቴሌግራም አይክፈቱ። ፊትዎን ይታጠቡ፣ ነጠላዎን ይልበሱ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው ይቁሙ። በቀኝ እጅዎ አመልካች ጣትና አውራ ጣት መስቀል ሠርተው «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» እያሉ ከግንባር ወደ ታች፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ያማትቡ። ሦስት ጊዜ ይስገዱ። እሑድ፣ በበዓለ ሃምሳና በቆረቡበት ቀን የንስሐ ስግደት የለም፣ ቆመው ብቻ ይጀምሩ። ከዚያ ጸሎት ዘዘወትርን በመጽሐፉ ቅደም ተከተል ያድርሱ፤ ቀስ ብሎ ለሚያነብ ሰው ከስምንት እስከ ዐሥር ደቂቃ ይወስዳል። ቀጥሎ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፤ ይህም ሰባት ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ መጽሐፉን ዘግተው በራስዎ ቃል ሁለት ደቂቃ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ባለቤትዎ፣ ስለ ታመመ ጎረቤት፣ ስለ ሥራው ይለምኑ። በአቡነ ዘበሰማያት ያሳርጉ። ሁሉም ተደምሮ ሃያ ደቂቃ ነው። 11፡50 ላይ ኩሽና ይገባሉ።

ግእዙ ካልገባዎ ግእዝና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመውን ይግዙ። ለመጀመሪያዎቹ ወራት አማርኛውን ያንብቡ፤ አቡነ ዘበሰማያትንና በሰላመ ቅዱስ ገብርኤልን ብቻ በግእዝ ይያዙ፣ ቅዳሴ ላይ ከሕዝቡ ጋር የሚሉት እሱን ስለሆነ። መጽሐፉ የወረቀት ይሁን። በስልክ የሚጸልይ ሰው ውዳሴው መሐል የባንክ መልእክት ይመጣበታል፣ ቀሪ ሂሳቡን አይቶ ሲመለስ የት እንደደረሰ አያውቅም።

አሁን «ከሳምንት አያልፍም» ወዳሉት ልምጣ። ይህ በአብዛኛው ሰው ላይ የሚደርሰው በስንፍና ሳይሆን ከመጠን በላይ ከመጀመር ነው። አንድ ስብከት ሰምተን እንቃጠላለን፤ በማግስቱ ውዳሴ ማርያም፣ መልክዓ ማርያም፣ መልክዓ ኢየሱስ፣ ድርሳነ ሚካኤል፣ ሦስት ንጉሥ ዳዊት (ሠላሳ መዝሙር) በአንድ ጠዋት እንደረድራለን። አራት ቀን ይሄዳል። በአምስተኛው ቀን ልጅ ያተኩሰዋል፣ ሌሊቱ በሙሉ እንቅልፍ የለም፣ ጠዋት ሁሉም ይቀራል። «ሁሉን ካልሆነ ምንም» የሚል ሰው ደግሞ ከቀረበት ቀን በኋላ ለመመለስ ያፍራል። ስለዚህ ዛሬውኑ የችግር ቀን ጸሎትዎን ወስነው ያስቀምጡ፦ ማማተብ፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት። አራት ደቂቃ አይሞላም። ልጅ ታቅፈውም ቢሆን ይደርሳል። ጸሎቱ መሐል ትንሿ ተነሥታ ካለቀሰችም ከመጀመሪያው አይድገሙት፤ አቡነ ዘበሰማያት ብለው አሳርገው ወደ ልጅዎ ይሂዱ።

ያለፈውንም ቀን በዕዳ አይያዙት። ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ ቀናት የተከፈለ ነው፤ የረቡዕ ካመለጠዎ ሐሙስ የሚነበበው የሐሙሱ ነው። ንስሐ አባትዎ የሰጡዎ ቀኖና ግን ከዚህ ይለያል፤ እሱ ቢጓደል ራስዎ አይቀንሱትም አይጨምሩበትም፣ ሄደው ይነግሯቸዋል።

ዳዊት መድገም ከፈለጉ መጀመሪያ ሁለቱ ምሰሶዎች ለሁለት ወር ይጽኑ። ዳዊት በዐሥር በዐሥር መዝሙር ተከፍሎ 15 ንጉሥ ይባላል። ሥርዓቱን ለሚይዝ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150 ነው፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። በእርስዎ ጠዋት ይህ አይገባም፣ እንዲገባም አይሞክሩ። በቀን አንድ መዝሙር ይያዙ፤ በአምስት ወር ገደማ ዳዊትን ይወጡታል። 118ኛው ላይ ሲደርሱ ብቻ ይጠንቀቁ። 176 ቁጥር አለው፣ ብዙ ሰው እዚያ ደርሶ ይቆማል። በ22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት ልክ በስምንት በስምንት ቁጥር የተከፈለ ስለሆነ በቀን ሁለት ክፍል ቢይዙ በ11 ቀን ያልፋል። በአንዳንድ እትም 119 ተብሎ ነው የሚገኘው፤ እንዳይደናገሩ።

ቦታውን በተመለከተ ባለ አንድ መኝታ ቤት ይበቃል። የፀሐይ መውጫ በየትኛው መስኮት እንደሚገባ አንድ ጠዋት ይዩ፤ ካልታየዎ ከልደታ ወደ አያት የሚሄደው ባቡር የሚያቀናበት በግምት ምሥራቅ ነው። በዚያ ግድግዳ ላይ ሥዕለ አድኅኖውን (የሚጸለይበትን ቅዱስ ሥዕል) ቆሞ የሚጸልይ ሰው ዐይን ደረጃ ላይ ይስቀሉ፤ ከቴሌቪዥኑ በላይ አይሁን። ከሥሩ ሁለት መጻሕፍትና መቁጠሪያ የሚይዝ ጠባብ መደርደሪያ፣ ፊቱ ላይ ነጭ መጋረጃ፣ አለቀ። ጧፍ ካበሩ አሸዋ የሞላ ቆርቆሮ ወይም የሸክላ ዕቃ ላይ ይትከሉት፤ ከመጋረጃው ቢያንስ አንድ ክንድ ይራቅ። ኮንዶሚኒየም ላይ ኩሽናና ሳሎን የተያያዙ ስለሆኑ ሲሊንደሩ ሳይዘጋ ጧፍ አይለኮስ። ጸሎቱ ሲያልቅ ጧፉም ይጠፋል። «በረከት ነው፣ ይንደድ» ተብሎ ተትቶ የሚኬድበት ነገር አደገኛ ነው፤ ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ይብሳል።

መንገዱንም ይጠቀሙበት። በባቡር ከሄዱ ከልደታ እስከ ባምቢስ ባለው መጨናነቅ መጽሐፍ መግለጥ አይሆንም፣ ጣት ግን ነፃ ነው። የአራቱ ጣቶች አንጓዎች ሦስት ሦስት ናቸው፣ ዐሥራ ሁለት ይሆናሉ፤ በአውራ ጣት እየነኩ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይበሉ። ሦስት ዙርና አምስት አንጓ 41 ይሞላል። የእስጢፋኖስ ጣቢያ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነው። በወር በ17 ቀን አንድ ጣቢያ ቀድመው ወርደው ተሳልመው ወደ ካዛንቺስ በእግር ቢሄዱ ሩብ ሰዓት ቢያስረዝምብዎ ነው። በ22 ደግሞ ኡራኤል ከሥራ ሲወጡ ይቀርብዎታል። በሌላው ቀን ደጁን ሲያልፉ ማማተብ ይበቃል።

ስድስት ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ወደ ምሳ ሲነሣ ወንበርዎ ላይ ግማሽ ደቂቃ ይቆዩ፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት በልብዎ ይበሉ። ማንም እንዳያይዎ ያድርጉት፣ ጌታም ያዘዘው እንዲያ ነው (ማቴ. 6፥6)። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዲሁ። ስልክዎ በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ ማስታወሻውን 12፡00 እና 3፡00 ላይ ይሙሉት። ድምፅ አያስፈልገውም፣ ንዝረት ይበቃል።

ወደ ጾሙ እንምጣ። ረቡዕ በጌታ ላይ የተማከሩበት፣ ዓርብ የሰቀሉት ቀን ነው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት፣ እንዲሁም ገናና ጥምቀት በሁለቱ ቀናት ላይ ሲውሉ አይጾምም፤ ከዚያ ውጪ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ብዙ ሠራተኛ ጠዋት 2 ሰዓት ሽሮ በልቶ «ጾሜያለሁ» ይላል። ያ የጾም ምግብ መብላት ነው፤ ጾሙ ሰዓቱ ነው። ቢሮ ላይ የሚበላሸውም ረሃብ አስቸግሮ አይመስለኝም፤ ከረሃቡ ይልቅ ቡናና ሰው ናቸው።

ቡናውን እንይ። በቀን ሦስት ስኒ የለመደ ሰው ከመጨረሻው ስኒ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ያመዋል። ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት የመጨረሻዋን ጠጥተው ረቡዕ ጠዋት ካቋረጡ አምስት ሰዓት ሲሆን ግንባርዎ ይወጠራል፣ ስድስት ሰዓት ላይ «ጾሙ አልተስማማኝም» ብለው ይተዉታል። ያመመዎ ቡናው ነው። መድኃኒቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ የጠዋቷን ስኒ ከሁሉም ቀን ማውጣት ነው። መጀመሪያ በግማሽ ስኒ፣ ከዚያ በጭራሽ፤ ዋናዋን ቡና ወደ ዘጠኝ ሰዓት ያዙሯት። በዋዜማው ማታ ቅባት የበዛበት አይብሉ፣ ምስር ወይም ክክ ይሻላል፣ ከመተኛትዎ በፊት ሁለት ብርጭቆ ውኃ ይጠጡ።

ሰውን በተመለከተ፣ በሁለቱ ቀናት የምሳ ዕረፍትዎን ወደ ዘጠኝ ሰዓት እንዲያዞሩልዎ አለቃዎን አንድ ጊዜ ይጠይቁ፤ በስድስት ሰዓት ቢሮ የሚጠብቅ ሰው ማንም አይጠላም። ካልተፈቀደ የስድስት ሰዓቱን ዕረፍት በእግር ጉዞ ያሳልፉና ምሳ ዕቃዎን ሲወጡ ይክፈቱት። ከውጭ የሚገዙ ከሆነ «የጾም ነው?» ብቻ አይበቃም፣ ሽሮው ውስጥ ቅቤ ይኖር እንደሆነ ለይተው ይጠይቁ። ብስኩትና ዳቦ ላይም የዱቄት ወተትና እንቁላል ይገባል፤ ማሸጊያው ላይ ያንብቡ። ለምሳ ያልወጣውን ገንዘብ ደግሞ ለይተው ያስቀምጡ፤ ጾም ያለ ምጽዋት አይታዘዝም፣ ዓርብ ማታ ደጀ ሰላም ላይ ለሚቀመጡት ይድረስ። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ፣ የስኳር ወይም የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው ሰዓቱን ከሐኪምና ከንስሐ አባት ጋር ተነጋግሮ ይወስን። በድፍረት ጾሞ መድኃኒት መዝለል ጽድቅ ሆኖ አይቆጠርም።

ያልጠየቁትን አንድ ነገር ልጨምር፣ የብዙ እኅቶች ጸሎት በየወሩ የሚቋረጠው በእሱ ነውና። በወር አበባ ጊዜ ወደ ቤተ መቅደስ መግባትና መቁረብ ይቀራል፤ ቤት ውስጥ መጸለይ ግን አይከለከልም። ነግህና ንዋምዎን እንደወትሮው ያድርሱ። አምስት ቀን ያቋረጠ ሰው በስድስተኛው ቀን ለመመለስ ምን ያህል እንደሚከብደው ያውቁታል።

ባለቤትዎን አይስበኩ። ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ፣ እራት ከተነሣ በኋላ ቴሌቪዥኑ ሳይከፈት፣ ከልጆቹ ጋር አምስት ደቂቃ ይቁሙ። ትልቁ አቡነ ዘበሰማያትን ይበል፣ ትንሿ «አሜን» ትበል፤ ጧፉን ማጥፋት የእሷ ሥራ ይሁን፣ ለዚያ ስትል ታስታውሰዎታለች። አባትየው ሶፋ ላይ ቢቀመጥ ይቀመጥ። በሦስተኛው ወር የሚነሣ አለ፣ የማይነሣም አለ፤ «ተነሥ» የተባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ መኝታ ቤት ነው የሚገባው። የእርስዎ ንዋም ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው፤ ዐሥር ደቂቃ፣ የዕለቱን በደል አስበው።

ንስሐ አባት ከሌለዎ በአጥቢያዎ ሰበካ ጉባኤ ይመዝገቡና ይጠይቁ። ሲያገኟቸው «ይጸልዩልኝ» ብለው ብቻ አይመለሱ። ስንት ሰዓት እንደሚነሡ፣ ስንት ሰዓት እንደሚገቡ፣ ስንት ደቂቃ እንዳለዎ በቁጥር ይንገሯቸው። ኑሮዎን ያላወቀ አባት የሚሰጠው ሥርዓት ወይ ይከብድዎታል ወይ ይቀልዎታል።

የመጨረሻው እሑድ ነው። ቅዳሴ የሚያመልጠው ቅዳሜ ማታ ነው። የሁሉም ነጭ ልብስ ቅዳሜ ከሰዓት ይተኮስ፤ ማታ መብራት ሊጠፋ ይችላል። ልብሱ፣ ነጠላው፣ ካልሲው በየስማቸው ወንበር ላይ ተደርድሮ ይደር። ለመቁረብ ካሰቡ ጾሙ 18 ሰዓት ነው። እሑድ 3 ሰዓት ላይ የሚቆርብ ሰው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብላት ማቆም አለበት ማለት ነው፤ ለልጆቹ ስንት ሰዓት እንደሚሆን ከንስሐ አባትዎ ይጠይቁ። አርፍዶ ደርሶ መቁረብም የለም፣ የሚቆርብ ከመጀመሪያው ይገኛል። ለመቁረብ ባይሆንም እንኳ ከምንባቡ በፊት ለመድረስ ይሞክሩ፦ ጳውሎስ፣ ሐዋርያ፣ ግብረ ሐዋርያት፣ ምስባክ፣ ወንጌል። ይህን ቅደም ተከተል ለስምንት ዓመቱ ልጅ ያስተምሩት። የት እንደተደረሰ የሚያውቅ ልጅ «መቼ ነው የሚያልቀው?» አይልም፣ «ቀጥሎ ወንጌል ነው» ይልዎታል። ለትንሿ አንድ መልስ ይበቃታል። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ሕዝቡ «እግዚኦ ተሣሃለነ» ይላል፤ ሳምንቱን ሙሉ ቤት ውስጥ እንደ ጨዋታ ያለማምዷት፣ እሑድ ራሷ ዲያቆኑን ትጠብቀዋለች።

ቦርሳዎ ውስጥ የሚገቡት ጥቂት ናቸው፦ ውኃ ለማይቆርበው ልጅ፣ መሐረብ፣ ተጨማሪ ካልሲ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ጫማ አንድ ፌስታል። ፌስታሉን አይርሱት። የልጅ ጫማ በር ላይ ከመቶ ጫማ ጋር ከተቀላቀለ ሲወጡ ሩብ ሰዓት ይፈልጉታል፣ ትንሿ በባዶ እግሯ ታለቅሳለች፣ በሚቀጥለው እሑድም አልሄድም የምትለው በዚህ ነው።